ደብረ ማርቆስን ያስጎበኙኝ አዛውንት

ባለፈው ዓመት ለሥልጠና ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ሥራ ስላልነበረን ከተማዋን ልጎበኝ ወጣሁ። ሆቴሉ በር ላይ ያገኘኋት ባጅ ያንጠለጠለች አስጎብኚ፣ ቤተ መንግሥቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም በሦስት ሰዓት ውስጥ እንደምታሳየኝ ነገረችኝ። ልስማማ ስል ጋቢ የለበሱ አዛውንት ፊቴን ትኩር ብለው እያዩ «እኔ ላሳይህ» አሉኝ። ሽማግሌ እምቢ ማለት አይሆንልኝም፤ ተከተልኳቸው።

ቤተ መንግሥቱን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት አለፉ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ «ክርስትና የተነሣው እዚህ ነው» አሉ። አንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ቆመው ደግሞ «ከዚያ ዋርካ ላይ ወድቆ እጁ የተሰበረው እዚህ ነው» አሉ። ስለ ጥንት ጀግና የሚያወሩ መስሎኝ «ማን ነው እሱ፣ አባባ?» ብላቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ። የሚያልፉት ሴቶች ግን እኔን ሲያዩ በነጠላቸው አፋቸውን ይይዛሉ።

በመጨረሻ ድንኳን እየተተከለበት ያለ ግቢ ገባን። ለቅሶ ቤት ደርሶ ዝም ማለት ነውር ነውና «እግዜር ያጽናችሁ» ብዬ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል፣ ጥቁር ጨርቅ ከተደረገበት ፎቶ ውስጥ የራሴ ፊት ያየኛል።

«ይኸው፣ አመጣሁልሽ» አሉ አዛውንቱ።

ጥቁር የለበሱ እናት ጉንጮቼን በሁለት እጃቸው ያዙ። አላለቀሱም።

«ልጄ፣ አርባህ ነገ አይደል? ምነው ቀደምክ?»