ሦስት ጊዜ የሚነበብ ሕግ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ለፈተና ስታጠና፣ «አክስቴ፣ ረቂቅ ሕግ ሆኖ እስኪወጣ ስንት ጊዜ ይነበባል?» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አልኳት። ይህችን መመለስ ምን እንደሚከብድ እንጃ፣ ግን ከበደኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። እዚሁ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ አባቴ የከብት ገበያው አጥር ሥር የቆርቆሮ ምግብ ቤት ነበረው። ከሶሎሎና ከኦቦ ከብት እየነዱ የሚመጡ ሰዎች አቧራ ለብሰው ረፋድ ላይ ይደርሱና የፍየል ቅቅል ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ፣ ወተት የበዛበት ሻይ ይላሉ። አባቴ እጁ ይጣፍጥ ነበር። ፈሪም ነበር። ከኢትዮጵያ ሸሽቶ ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ከገባበት ቀን ጀምሮ ዩኒፎርም ባየ ቁጥር ጭልፋውን ቁጭ ያደርጋል። ኪፓንዴ የሚሉትን የኬንያ መታወቂያ አላገኘም፤ ዝንብ እንኳ ምግብ ቤቱ ስትገባ ከእሱ ይልቅ ፈቃድ ያላት ይመስለው ነበር።

ዝናቡ በዘገየበት ወቅት፣ አንድ ጠዋት፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ገበያው መሃል ቆመች። አንድ ሰውዬ ካውንቲ ከሚሉት የአካባቢያችን አስተዳደር ምክር ቤት የመጣ ረቂቅ ሕግ በስዋሂሊ አነበበ። ከገበያው አጥር አጠገብ ምግብ ቤት አይኖርም፤ አስተያየት ያለው ሐሙስ አዳራሽ ይምጣ።

«አዋጅ ወጣ» አለ አባቴ። ጭልፋውን ቁጭ አደረገ።

«አባዬ፣ ገና ረቂቅ ነው። ናይሮቢ ሁለት ምክር ቤት አለ፣ ብሔራዊውና ሴኔቱ። ካውንቲያችን ደግሞ የራሱ አንድ አለው። እዚያ ገና አንዴ ነው የተነበበው። አሁን ኮሚቴው ሕዝቡን ይጠይቃል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይነበባል፣ ገቨርነሩ ይፈርማል።» ትምህርት ቤት የሸመደድኩትን አወረድኩለት።

«ልጄ፣ እኔ ባደግኩበት አገር በአደባባይ የተነበበ ነገር አልቆለታል። ተናገሩ የሚሉትም ተናጋሪውን ለይተው ለማወቅ ነው።» ጭልፋውን መልሶ አነሳና፣ «እሺ፣ አንቺ የተማርሽው ሂጂና ተናገሪ። በሰላም ከተመለስሽ ቤቱን በገዛ እጄ አላፈርስም» አለኝ።

ሐሙስ አብረን ሄድን። እሱ ከውጭ መስኮቱ ሥር ቀረ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ውስጥ የመመዝገቢያ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ስም ከነአባት፣ የኪፓንዴ ቁጥር። የኔው ኪፓንዴ ገና አልወጣም፤ የአባቴን ስም ብጽፍ ደግሞ ነገ መጥተው የሚወስዱት መሰለኝ። ወረቀቱን ምንም ሳልጽፍበት አሳለፍኩት።

ኮሚቴውን የምትመራው ሴት ፊቷ ደግ ነበር። «ሀኩና ሙቱ ዋ ሆቴሊ?» አለች፤ የምግብ ቤት ሰው የለም ወይ ማለቷ ነው። ደግማ ጠየቀች። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አባቴ ትኩር ብሎ ያየኛል። አንገቴን ደፋሁ።

ቀና ስል አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ወተት ሻጭ ተነስታ በኦሮምኛ፣ «ከብት ነጂው ሁለት ቀን ተጉዞ መጥቶ ምን ይብላ? አጥሩን?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሊቀመንበሯ ጻፈችና፣ አንቀጹ እንደገና እንደሚታይ፣ እስከዚያ ምግብ ቤቶቹን ማንም እንዳይነካ ነገረችን። ማንም ወተት ሻጯን አልያዛትም።

እየሮጥኩ ሄድኩ። አባቴ የመጨረሻውን ቆርቆሮ እያወረደ ደረስኩ። የተከራየውንም ቦታ ለባለቤቱ መልሶታል።

«አባዬ፣ አትንኩ ብለዋል እኮ!»

መዶሻውን አላስቀመጠም። «አንቺ የተማርሽው እንደዚያ ከፈራሽ፣ እኔ ምን ይዤ ልቀመጥ?» አለኝ።

በሳምንቱ ቦታውን ሌላ ሰው ተከራየው። ሕጉ ሦስተኛውን ንባብ አልፎ ሲጸድቅ የእኛ አንቀጽ ወጥቶ ነበር። ገበያው ላይ ከእኛ ቤት በቀር የፈረሰ ቤት የለም። አባቴ እስኪሞት ድረስ በሰው ኩሽና ተቀጥሮ ቀቀለ።

የገበያው ሰዎች ዛሬም ሲያነሱት፣ «ነፍሱን ይማረውና እንዴት ያለ ፈሪ ነበር! ባልወጣ ሕግ ቤቱን አፈረሰ» እያሉ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ቀን በመስኮቱ ያየውን ለማንም ነግሬ አላውቅም።