የሲስተር መኪናና ጥቁሩ ናስትሮ

ሰውየውን እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ከጠፋ ቆይቷል። ሰፈሩ በሙሉ «ከፍ አርጋት» ነው የሚለው። መኪና ጋራዡ በር ላይ በቆመ ቁጥር ዞር ዞር ብሎ ያያትና፣ ጎንበስ ብሎ ሆዷን አይቶ፣ «ትንሽ ከፍ እናርጋት» ይላል። መስታወት ሊያስጠግን የመጣውንም፣ አድራሻ ሊጠይቅ የቆመውንም አይምርም።

ሥራው የቤት መኪናን አውሬ ማስመሰል ነው። አራቱም ጎማቸው የሚጎትት፣ ግን ለከተማ የተሠሩ ትንንሽ መኪኖች ይመጡለታል። ሞላቸው ላይ ወፍራም ብረት ጨምሮ ከመሬት ያርቃቸዋል፤ ጣሪያቸው ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ ይጭናል፤ ግንባራቸው ላይ የሠርግ አዳራሽ የሚያክል መብራት ይደረድራል። ሲጨርስ ፎቶ አንስቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። የጋራዡ ሌላው ባለቤት ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ከመኪና ሥር ተኝቶ ካምቢዮና ፍሬን የሚሠራ ዝምተኛ ሰው። ለፎቶዎቹ ግድ የለውም። አንድ ነገር ብቻ ሳይታክት ይደጋግማል፦ «አራቱም የሚጎትት መኪና አራት እኩል ጎማ ነው የሚፈልገው። ሁለቱ ትልቅ ሁለቱ ትንሽ ከሆኑ፣ ፊትና ኋላው እየተጓተተ መሐል ያለው ማገናኛ ይቃጠላል።» ከፍ አርጋት ይህን ከስሙ በላይ ያውቀዋል። የሚያሳፍረውም እሱ ነው፤ ባያውቅማ ኖሮ ስህተት ነው ብለን እናልፈው ነበር።

አዋላጅዋ ሲስተር የመጡት ዝናቡ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። የከፍ አርጋትን ሁለት ሴት ልጆች ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛዋ በእግሯ ስትመጣ ታግለው እናትንም ልጅንም አትርፈውለታል። ከከተማው ወጣ ብለው ያሉትን እናቶች በዚያች ግራጫ መኪናቸው ነው የሚያዳርሱት።

«ያ ዳገት ጭቃ ሲሆን ሆዷ መሬት እየነካ አስቸገረኝ። እስቲ አንድ ነገር አርግልኝ» አሉት።

«ነገ ከሰዓት መጥተው ይውሰዷት። ችግር ካለባት ስሜን ቀይሩት!» አለ፣ አግዳሚው ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ።

መኪናዋን ከፍ አደረጋት። የጭቃ ጎማ ግን የቀረው ሁለት ብቻ ነበር፤ ሌላው የሚገባው ከወር በኋላ ነው። ወንድሙ ደግሞ ወገቡን አሞት ቤት ተኝቷል። የድሮዎቹን ትንንሽ ጎማዎች መልሶ ቢገጥም መኪናዋ ለፎቶ አታምርም፤ «አልደረሰም» እንዳይል ትናንት የፎከረው በሰው ፊት ነው። ሁለቱን ትልልቅ ጎማዎች ከኋላ ገጠመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እሱ ግን እየሮጠ ያስታጠቀው የሰው መኪና ነበር።

«የፊቶቹስ?» አሉ ሲስተር ሊወስዷት ሲመጡ።

«ለጊዜው ምንም አይሉም። አይዞዎት።»

በሁለት ሳምንቷ ተመለሱ። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋም ብላለች። ከፍ አርጋት ገና ሲያያት ገባው፤ ማገናኛው ግሏል። «ጎማዎቹን ላውጣ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ለማለት አፉን ከፈተ። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሁለቱንም የላኩለት ሲስተር ናቸው። አፉን መልሶ ዘጋው። ዳሽቦርዱን ፈታ፣ ከጥቁሩ ናስትሮ ቁራጭ ቀደደ፣ ከመብራቷ ላይ ለጠፈና መልሶ ገጠመው።

«ሽቦ ነው፤ ተስተካክሏል» አለ።

«እጅህ ይባረክ» አሉት።

መኪናዋ ዳገቱ ላይ የቆመችው በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ በዝናብ ነው። የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ አንድ ጊዜ ጓ አለች፣ አለቀ። ሲስተር ቦርሳቸውን ተሸክመው፣ ምጥ ወደያዛት እናት ቤት በጭቃው ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል በእግራቸው ሄዱ። ሲደርሱ ልጁ በጎረቤት እጅ ተወልዷል፤ እናትየው ደሟ ፈሶ ራሷን ልትስት ደርሳለች። ተረፈች። ለጥቂት ነው የተረፈችው።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ስትገባ ሲስተር አብረዋት ነበሩ፤ ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ አልደረቀም። ከፍ አርጋት ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉት። «ምጥ ነው ሲሉኝ ደንግጬ ሳላዝንላት ነዳኋት። ያንን የመሰለ ሥራህን አበላሸሁብህ። ይቅርታ አርግልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መሬት ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የላትም። ሰው ይሰማል፣ ግድግዳው ላይ የመኪናዋ ፎቶ አለ፣ ምላሱም ቀደመው።

«ኧረ ይቅር ለእግዜር ሲስተር! ያጋጥማል።»

በማግስቱ ወንድሙ ወገቡን ይዞ ሥራ ገባ። ጎማዎቹን አየ፣ ቁልፉን አዞረ፤ ቢጫዋ መብራት አልበራችም። ዳሽቦርዱን ፈታ። ጥቂት ቆይቶ በጣቱ ጫፍ ናስትሮውን ይዞ ወጣ።

«ይሄን ማነው የለጠፈው?»

«ጋሼ...»

«እሷ ትሆን እንዴ? አዋላጇ?» አለ ወንድሙ። ከፍ አርጋት አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ ወይ አንተ ትነግራታለህ፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ። እኔ ከነገርኳት ግን እዚህ ቤት አብረን አንሠራም።»

ያን ሌሊት አልተኛም ብዬ አላሳምረውም፤ ተኝቷል። ጠዋት ግን ትንሿ ልጁ ጫማዋን እንዲያስርላት እግሯን ስትዘረጋለት፣ ያንን እግር ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ።

ኮሪደሩ ላይ እርጉዞች ተደርድረዋል። ሲስተር ገና ሲያዩት ፊታቸው በራ። «መኪናዬን የሚሠራልኝ ወንድሜ ይሄ ነው!» አሏቸው ለሴቶቹ። ከዚያ በላይ ምን ስድብ አለ? ክፍላቸው ገብተው በሩ ሲዘጋ ናስትሮውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ስለ ጎማዎቹ፣ ስለ ማገናኛው፣ ስለ ቢጫዋ መብራት፣ ሁሉንም ሳያስቀር ተናገረ።

ሲስተር እጃቸውን ታጥበው አደረቁ።

«ጎማው እሺ» አሉ በመጨረሻ። «መብራቱም እሺ፤ ሰው ፊት አፍረህ ነው፣ ይገባኛል። እኔ ይቅርታ አርግልኝ ስልህ ግን... ለምን ይቅር አልከኝ?»

ለጎማው መልስ ነበረው። ለናስትሮውም መንገድ ላይ ያሰናዳው ቃል ነበረው። ለዚህኛው አልነበረውም። ሲስተር በሩን ከፍተው ወረፋ የደረሳትን ነፍሰ ጡር ጠሩ።