በረዘነ ስም የተሰጠ ደም

ጎይቶም መቐለ ውስጥ፣ ዓይናለም ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራል። እኔ ዓለምእሸት እባላለሁ፤ የደም ባንክ ነርስ ነኝ፣ የደሴ ልጅ፣ መቐለ አግብቼ የቀረሁ። ስለ ጎይቶም ስጠየቅ ሰው ሁሉ ደግነቱን እንዳወራ ይጠብቃል። ደግስ ደግ ነው። ግን አብሬው በሠራሁ ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ነበር፤ ይህን ትቼ ስለሱ ማውራት አልችልበትም።

ሚስቱ ዘቢብ በጦርነቱ ከተማው ተከቦ ሳለ ወልዳ ደም እየፈሰሳት ሞተች። ደም የሚሰጥ ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው መቀበያው ከረጢት ነው። መንገዱ ተከፍቶ ከረጢቱ ሲመጣ፣ በሙት ዓመቷ፣ ጎይቶም ድንኳን አልተከለም። እኛ ዘንድ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና «ለዘቢብ» ብሎ ክንዱን ዘረጋ።

ከዚያ ተማሪዎቹን አስከተለ። በጦርነቱ ትምህርት ስለተቋረጠ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ካሉት ብዙዎቹ አሥራ ስምንትን አልፈዋል፤ መስጠት ይችላሉ። እኛ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደን ብስኩትና ለስላሳ እያሳየን፣ ደማችሁ ይተካል እያልን ጉሮሯችን ሲደርቅ፣ እሱ የሚላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተዝካር ላላወጣችሁለት ሰው በስሙ አንድ ከረጢት ስጡለት ይላቸዋል። እዚህ ከተማ ያልሞተበት ማን አለ? ተሰለፉ።

የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ማየት ነበር። ኮረዳዋ ትቀመጣለች፣ መርፌውን ስሰካ የሟቿን ስም ትጠራለች፣ ከዚያ ጸጥ። ቀጣዩ ይጠራል፣ አሁንም ጸጥ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እኮ ስልኩን እየነካካ ይስቃል እንጂ! እነዚህ ትንፍሽ አይሉም። ከረጢቱ እየተወዛወዘ ሲሞላ ዓይናቸውን አይነቅሉበትም፤ የጠሩት ሰው እየመጣ ነው የሚመስለው። አንዴማ ጎይቶምን ደም ልቀዳ ነው የጠራኸኝ ወይስ ሙታን ልቀበል ብዬዋለሁ። ከረጢቶቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም እንደማይጻፍ እያወቅሁ፣ ማቀዝቀዣውን ስከፍት ስሞቹ ይሰሙኝ ጀመር። አማተብኩ፣ ምን ላድርግ።

አንድ ቀን ሰላማዊ የምትባል ተማሪ ተቀመጠችና ለወንድሜ ለረዘነ አለች። ከኋላዋ የተሰለፉት ሁሉ ወደኋላ አፈገፈጉ። ረዘነ ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም እንጂ ሞተ ያለ ሰው የለም። መርዶ በየቤቱ ሲነገር እናቱ ለተመድህን፣ ሁላችን ኣደይ፣ እናቴ የምንላቸው፣ የልጄ ስም አልተጠራም ብለው ጥቁር አልለበሱም። መርዶው ላልተነገረ ሰው ተዝካር ማውጣት ደግሞ በቁሙ እንደ መቅበር ነው። ልጅቷ ግን ስሙን ደገመችው። መርፌው ገብቷል፤ ደሙ ወረደ።

ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት ላይ ኣደይ ለተመድህን ደም ባንኩ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጎይቶምንም አስጠርተውታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከኋላቸው የቆመችው ሰላማዊ ለካ ነግራቸዋለች፤ እሱም ይረፍ፣ እኛም እንረፍ ብዬ ነው ብላቸዋለች። እሳቸው የመጡት ደሙን መልሰው ሊወስዱ ነው። ደሙ ለማንም ሳይሰጥ ከተመለሰላቸው ልጃቸው አይሞትም። አስረዳኋቸው፣ ለመንኳቸው፤ ጭራሽ አልሰሙኝም። ማቀዝቀዣው መስታወት ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ጓለይ፣ የቱ ነው እሱ?» አሉኝ፤ ጓለይ ሲሉ የኔ ልጅ ማለታቸው ነው።

ቁጥሩን ፈለግሁ፤ ወጥቷል። ሆስፒታል ደወልኩ። ለአንዲት ወላድ ነበር የተሰጠው፤ ሴትዮዋም ሞታለች። ስልኩን ስዘጋ ጎይቶም ፊቴን አይቶ ገባው። ኣደይ ለተመድህን ደሙን የወሰደው ሰው ዳነ ወይ ብለው ጠየቁ። የወሰደው ሰው ከዳነ ልጄም አለ ማለት ነው፣ ካልዳነ ግን... ብለው አልጨረሱትም።

«ወላድ ናት ኣደይ፤ ድናለች» አለ ጎይቶም።

በሆዴ ምን ነካው ይሄ ሰውዬ አልኩ፤ እንዴት እንደተናደድኩ! እሳቸው ግን ምርቃቱን አወረዱለት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ለረዘነ ጤና ብለው የራሳቸውን ክንድ ዘረጉልኝ። ሰላማዊ ይህን ስታይ ጥላቸው ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ጎይቶም ልጆቹን ስም አስጠርቶ አያውቅም። እነሱ ግን አልተዉም፤ መርፌው ሲገባ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ኣደይ ለተመድህንም መስጠት በተፈቀደላቸው ቁጥር ይመጣሉ። ሰንበትበት ብለው ይመለሱና ጎይቶምን አስጠርተው፣ ደሜን የወሰደው ሰው ዳነ ወይ ይሉታል። እሱም ድኗል ይላቸዋል። የዳነ አለ፣ ያልዳነም አለ። እኔ ከኋላው ቆሜ ወለሉን አያለሁ። ሰላማዊ እናቷን ደግፋ ታመጣለች፤ መምህሯን ግን ቀና ብላ አታየውም።

ባለፈው ሲመጡ ደማቸውን የወሰደው መኪና የገጨው ወጣት ነበር፤ በእግሩ ሄዶ ቤቱ ገብቷል። ደስ ብሎኝ ለጎይቶም ነገርኩት። እሱም እንደ ወትሮው፣ በዚያው ድምፅ፣ ድኗል አላቸው። ኣደይ ለተመድህን ግን እሱን አላዩትም። የሚያዩት እኔን ነበር። ለካ እስከዛሬም መልሱን የሚያነቡት ከኔ ፊት ኖሯል።

«ዛሬ እውነት ነው» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጎይቶም ዞሩ። «የዚያችን የመጀመሪያዋን፣ የወላዷን ስም ንገረኝ፣ ወደይ፣ ልጄ። ከረዘነ ጋር አብሬ ላልቅስላት።»

ሰላማዊ እናቷን እቅፍ አደረገቻቸው። ያን ሁሉ ልጅ የሟቹን ስም ሲያስጠራ የኖረው ጎይቶም የወላዷን ስም አያውቅም ነበር። እኔም ብሆን የዚያን ቀን ስደውል አልጠየቅሁም።