ኳስ የማይደርስበት በረኛ

ሰፈር ውስጥ «ዘበኛው» ነው የሚሉት። ዘበኛ ሆኖ ግን አያውቅም። ሥራው ሳሙና ፋብሪካ ነው፤ በሣጥን ረግቶ የጠጠረውን ሳሙና በቀጭን ሽቦ እየቆረጠ መደርደሪያ ላይ ይደረድራል። ዘበኛ ያሉት ጎል ላይ ቆሞ አይተውት ነው። የፋብሪካው ቡድን በረኛ ነው፤ ቡድኑ ደግሞ እንደ ጉድ ነው የሚያሸንፈው። ኳሷ ሁልጊዜ ወዲያ ማዶ ናት። እሱ ወዲህ እጁን አጣምሮ ብቻውን ይቆማል። አንድ ቀን ከጎሉ ጀርባ የተቀመጠ አንድ ሾፌር፣ «ዘበኛው፣ ሌባ ከመጣ ቀስቅሰን፤ እኛ ትንሽ እናሸልብ» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ስሙ በዚያው ጸና።

እሱም አብሮ ሳቀ። ምን ያድርግ። ሆዱ ግን አልሳቀም።

በልጅነቱ መሮጥ አይሆንለትም ነበር፤ ትንፋሹ ቶሎ ያልቃል። ጓደኞቹ «አንተ እዚያ ቁም» እያሉ በሁለት ድንጋይ መሃል ይተዉት ነበር። ተገፍቶ የቆመበት ቦታ ግን ቀስ በቀስ ልቡ ገባ። ኳስ የያዘ ጊዜ ሁሉም ዞሮ ያየዋል። ቤት ውስጥ ልጅ በልጅ ነበር፤ ማን በላ ማን አልበላ የሚል እንኳን የለም። ዞሮ የሚያየው ሰው ያገኘው እዚያ ድንጋይ መሃል ነው። አድጎ ፋብሪካ ከገባ በኋላ የቀድሞው በረኛ ሚስቱን ተከትሎ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ አንድ ቁጥር ማሊያ ለእሱ ደረሰው። ዕድሌ ነው ብሎ ተደሰተ። ምን ዓይነት ዕድል እንደሆነ የገባው ቆይቶ ነው።

ቡድኑ የጠነከረው አሰልጣኙ አዋቂ ስለሆነ አይደለም። አሰልጣኙ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ ከጨዋታ በፊት የሚናገረው «በርቱ» ብቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው የሞራ በርሜል የሚያወርዱ ሰዎች ሲፈልግ ትከሻቸውን እያየ ቀጠረ። ኳስ ትችላላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ከመጡት ጎረምሶች አንዳንዶቹ ግን ኳስ ከእግራቸው ጋር የተሰፋች ናት የሚያሰኙ ሆነው ተገኙ። የመጀመሪያው ዋንጫ እንዲያው በአጋጣሚ መጣ። ዋንጫው ከመጣ በኋላ ደግሞ በየቦታው ጎበዝ የተባለ ሁሉ «እዚያ አስቀጥሩኝ» እያለ ይለምን ጀመር። ላለው ይጨመርለታል ይባል የለ። ዕድል ጉልበትን ወለደች፤ ጉልበት ደግሞ በተራው ዕድልን ይወልድ ገባ። የመቱት ኳስ የሰው ጉልበት ነክቶ ይገባል። የሌላው ቡድን ኳስ ቋሚ መትቶ ይወጣል። ተሸናፊው «ዕድላቸው ነው» ይላል፣ አሸናፊው «ጉልበታችን ነው» ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም።

ዘበኛው ታዲያ በዚህ ሁሉ ድል ውስጥ የት አለ? የዋንጫ ፎቶግራፍ ሲነሱ ዳር ላይ። አንዴ እንዲያውም ግማሽ ፊቱ ተቆርጦ ወጥቷል።

ይህንንም ይችለው ነበር፣ የሚስቱ ወንድም ባይኖር። ልጁ የሚኖረው እነሱ ዘንድ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው። እንጨት ቤት የሚባል የአናጢዎች ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ በርና መስኮት ይገጥማል። የእንጨት ቤቱ ቡድን በረኛም እሱ ነው። ያ ቡድን ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚወጣው። ኳስ እንደ በረዶ ይወርድበታል፤ ልጁም ወዲያ ሲወረወር፣ ወዲህ ሲወድቅ፣ በእጁም በፊቱም ሲመልስ ይውላል። «ማግኔት» ነው የሚሉት። አራት ገብቶበት በሰው ትከሻ የሚወጣ በረኛ ከእሱ ሌላ ታይቶ አይታወቅም። «ማግኔት ባይኖር አሥራ አራት ይሆን ነበር!» ይላል ሰዉ።

የጨዋታ ቀን ሁለቱም ቤት ሲመለሱ ሚስትየው በሳፋ ሙቅ ውሃ ይዛ ወንድሟን ትቀበላለች።

«ወይኔ ወንድሜን፣ ትከሻውን እዩልኝ። እንዲህ አድርገው ነው የሚመቱህ?»

«ምንም አይደል እታለም፣ ቀላል ነው» ይላል ልጁ፣ ክርኑን ውሃው ውስጥ እየነከረ።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞር ትላለች። «እናንተስ?»

«ስድስት አገባን።»

«አንተ ምን ሠራህ?»

«ቆምኩ።»

«መቆምም ያደክማል» ትላለች። እሷ ልታጽናናው ነው። ያች ቃል ግን የእሱ አንጀት ውስጥ ገብታ ታድራለች። ማሊያውን አውልቆ ሲሰጣት አሽትታ ታጥፈዋለች፤ መታጠብ አያስፈልገውማ።

አንድ ቀን ከሜዳ ሲመለስ፣ ውሃ ከሚያፈሰው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብሎ ግራ ቀኙን አየ። ማንም የለም። ጭቃ ዘገነና ክርኑንና ጉልበቱን ቀባ። ደረቱንም ትንሽ ነካ አደረገ። ቤት ሲገባ ሚስቱ ደነገጠች።

«ወደቅክ እንዴ?»

«ኳስ ሳወጣ ነው። ከባድ ጨዋታ ነበር።»

ማግኔት ቀና ብሎ አየው። «ጋሼ፣ ዛሬ ሜዳው አቧራ ብቻ አልነበረም እንዴ?»

ልጁ ይህን ያለው በየዋህነት ነው። እሱ ግን ለሳምንት በደንብ አላናገረውም። በማጋለጡም አይደል የተናደደው። ክፋት የሌለበት ሰው መሆኑ ነው ያናደደው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠልቶት ያርፍ ነበር።

እንዲህ እያሉ ሳሉ ወሬ መጣ። የሳሙና ፋብሪካው ባለቤት እንጨት ቤቱን ገዛው። ከሚቀጥለው ውድድር ጀምሮ ሁለቱ ቡድን አንድ ሊሆን ነው። ጎሉ አንድ፣ አንድ ቁጥር ማሊያም አንድ። አሰልጣኙ ሁለቱንም ጠርቶ፣ «የመጨረሻው ጨዋታ እርስ በርሳችሁ ነው። እዚያ ላይ አይቼ እመርጣለሁ። የቀረው ተቀያሪ ይሆናል» አላቸው።

«እሺ አለቃ፣ እርስዎ እንዳሉ» አለ ማግኔት።

 ዘበኛው ሳሙና እየቆረጠ ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ። አሰልጣኙ ምኔን ሊያይ ነው? የእኔ ሰዎች ይመታሉ፣ እሱ ያድናል። እነሱ በመቱ ቁጥር እሱን ነው የሚያሳዩት። በገዛ ቡድኔ ጉልበት ልጁ ሊሾም፣ እኔ ልሻር ነው። ሽቦው ተጣሞበት ሳሙናው ሰያፍ ሆኖ ተቆረጠ። ከጎኑ የሚሠራው ሰውዬ፣ «ሚስትህ አኩርፋለች መሰለኝ፣ ሳሙናው ጠመመ» አለው። 

ቀኑ ደረሰ። የሳሙናዎቹ ቡድን ካሸነፈ ዋንጫው የእነሱ ነው። አቻ ከወጡ ግን ዋንጫውን የሚበሉት በነጥብ የሚፎካከሯቸው የአውቶቡስ ሾፌሮች ናቸው፤ ለዚህም ሲሉ ተሰብስበው መጥተው ለእንጨት ቤቱ ይጮኹ ነበር። ጨዋታው ልክ እሱ እንደፈራው ሆነ። በርሜል አውራጆቹ ከግራም ከቀኝም መቱ፤ ማግኔት ሁሉንም መለሰ። አንዱን በጣቱ ጫፍ፣ አንዱን በጉልበቱ፣ አንዱን እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። አሰልጣኙ እንኳን ተቃራኒ መሆኑን ረስቶ አጨበጨበ። ያን ጭብጨባ ዘበኛው ከወዲያኛው ጫፍ ሰማው። 

ከእረፍት በኋላም ያው ነው። አንድም አልገባም። አንድ ጊዜ የራሱ ተከላካይ ኳሷን በግንባሩ ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ሰጠው። ተንበርክኮ ያዛት። ፊት ለፊቱ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የእንጨት ቤቱ ቀለም ቀቢ ቆሟል። አጥቂ ነው የሚባለው፤ ኳስ ስለማትደርሰው እሱም ጥፍሩን ይበላል። ዘበኛው አየው። ለዚህ ብሰጠው ይመታል፤ ሲመታ እይዛለሁ፤ ስይዝ ያዩኛል። አንዴ ብቻ፣ አለ በልቡ።

ከእጁ ያመለጠች አስመስሎ ኳሷን ወደ ቀቢው አንከባለላት።

ቀቢው መጀመሪያ አላመነም፤ ወደ ዳኛው ዞሮ አየ። ከዚያ መታ። ዘበኛው ተወረወረ። ሳይወረወር ስንት ጊዜ ሆኖታል፤ ወደ ግራ ተወረወረ፣ ኳሷ በቀኝ ሄደች። አየር ላይ ሳለ፣ ራሴን በእጄ ገደልኩ አለ። ኳሷ ቋሚውን መታች። ተመልሳ የእሱን ጀርባ መታች። እየተንከባለለች ከመስመሩ ጥግ ደርሳ ስትቆም የራሱ ተከላካይ ሮጦ ደረሰና ወደ ሰማይ ጠለዛት።

እንጨት ቤቶች ያንን ስጦታ አይተው በሙሉ ወደ ፊት ተግተልትለው ነበር። ኋላቸው ባዶ ነው፤ ከማግኔት በስተቀር። አንዱ በርሜል አውራጅ ኳሷን አገኛትና ብቻውን ሮጦ መታ። ማግኔት በደረቱ መለሳት። የተመለሰችው ኳስ ተከትሎት የደረሰውን የሌላ በርሜል አውራጅ ጉልበት መታችና፣ እሱም ሳያስበው፣ ገባች። በዚያው አለቀ። ዋንጫው የሳሙናዎቹ ሆነ።

አሰልጣኙ እየሮጠ መጥቶ ዘበኛውን አቀፈው።

«ሆን ብለህ ነው አይደል? ወጥመድ ነው የጣልክላቸው። ነቅለህ አወጣሃቸው እኮ!»

ዘበኛው ከማሊያው ላይ አቧራውን አራገፈ።

«ስማኝ» አለ አሰልጣኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ ልጅ እጅ አለው፣ አልክድም። ዕድል ግን የለውም። እጅ ብቻ ዋንጫ አያመጣም። ጎሉ ያንተ ነው።»

ወደ ቤት አብረው ነው የሄዱት፣ እሱና ማግኔት። ልጁ ያነክሳል።  መንገድ ላይ፣ «ጋሼ፣ ከእኔ ጎል ሆነው ሲያዩት ሜዳው ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው» አለ።

«ምኑ?»

«አላመለጠችህም። ሰጠኸው።»

ዘበኛው መሬት መሬት አየ። «ልይዛት ብዬ ነው» አለ።

«ብትይዛት ጥሩ ነበር።» ማግኔት ነገሩን እንደ ሥራ ነገር ነበር የሚያወራው። «ግራ ትከሻህን ቀድመህ ጣልክ። ኳሷ ሳትመጣ ወስነህ ነበር።»

«ለአለቃ ትነግረዋለህ?»

«ምን ብዬ? ለአለቃ ከነገርኩት እታለምም መስማቷ አይቀርም። ተወው ጋሼ። ዝም አይነቅዝም።»

ሚስትየው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። «ማን ተመረጠ?» አለች፣ ገና ሳይገቡ። ጥያቄዋ ጭንቅ ነበረው፤ አንዱ ባሏ፣ አንዱ ወንድሟ።

ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁ ቀደመው።

«ባልሽ ነዋ። ዛሬ ጨዋታውን እሱ ነው የለወጠው፣ ሰው ሁሉ አይቷል።»

ሚስቱ ዞራ አየችው። ስንት ዘመን የተመኘው አስተያየት ነው፤ ሙሉ ፊቷን አዙራ፣ ዓይኗ በርቶ። እሱ ግን ሊያያት አልቻለም። ጫማውን ለመፍታት ጎንበስ አለ፤ ክሩ ተቋጥሮ አልፈታ አለው። እኔ እሱን ብሆን ኖሮ ገና ሜዳው ላይ ሳለሁ እጮህ ነበር፣ አለ ለራሱ። በምስክር እናገር ነበር። ይህ ልጅ ይህን ሆድ ከየት አመጣው?

ማግኔት እህቱን ስለ ቀቢው ያስቃታል፤ ኳሷን ሲያገኝ ዳኛውን እንዴት እንዳየ፣ ፊቱን እያስመሰለ። ኳሷ ለቀቢው ከማን እጅ እንደደረሰች ግን አንድም አላነሳም። ዘልሎ ሄደ። እንዴት እንደዘለለው ዘበኛው በደንብ ሰማው። ጎሉ የእሱ ነው፣ ዋንጫው የእሱ ነው፣ ሚስቱም በእሱ ኮርታለች፤ ጎንበስ እንዳለ ግን የጫማውን ክር እየጎተተ በዚያ ዝምታም ቀናበት።