አሜን እስኪባል የሚያዝ ቀስት

የአጎቴን ማረፍ ወንድሜ ከጎንደር ደውሎ ሲነግረኝ፣ አዲሱ ቀስቴ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ባለቤቴ እዚህ ካናዳ አጋዘን አደን ሊያስጀምረኝ ሲነሣ፣ ስለ ቀስት ምርጫ ከእርሳቸው ሌላ ማንን ልጠይቅ? አጎቴ ጦርም ሆነ ዶማ ሲገዙ ክንዳቸውን ዘርግተው ይይዙትና አባታችን ሆይን ይደግሙ ነበር፤ የማክሰኝት ገበያ ነጋዴ እስኪጨርሱ ቆሞ ይጠብቃል።

«አንቺም እንዲሁ አድርጊ» አሉኝ በስልክ። «አሜን እስክትዪ ክንድሽ ካልተንቀጠቀጠ ሸጋ ነው።»

«ሱቅ ውስጥ፣ አያ?»

«ምነው፣ እግዚአብሔር ሱቅ አይገባም?»

የመጀመሪያው ቀስት «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ክንዴን አወረደው። ጫፍና ጫፉ ላይ ትንንሽ መዘውር ያለውን የካርቦን ቀስት ሳነሣ ግን ላባ የያዝሁ መሰለኝ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሜን አልሁ፣ ሻጩም አብሮኝ አሜን አለ። ክንዴን እንደዘረጋሁ፣ በደስታ ስስቅ ባለቤቴ ፎቶ አነሣኝ። ወዲያው ለወንድሜ ላክሁት። እርሱም አጎቴ ታመው በተኙበት በኮሶዬ ለሚያስታምሟቸው ሰዎች አስተላለፈው፤ አጎቴ ማየት አለማየታቸውን ግን አያውቅም።

አሁን ዕቃ ልመርጥ ስል የምደውልለት የለኝም።

አጎቴን ያስታመማችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ፎቶውን አይተውት ነበር? ያሉትን ሳትቀንሱ ጻፉልኝ። «ክርኗ ታጥፏል» ብለው ተቆጥተው እንደሆነም ደስ ይለኛል።