ሦስት ሽማግሌ ወደ ሉዊስ ሴንተር

አሜሪካ፣ ኖርዝላንድ በሚባለው ሰፈር ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚደወለው ለጋሽ ጎሹ ነው። ቀን ሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ መጋዘን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ከሥራ ሲወጣ የሰው ትዳር ይጠግናል። ነጭ ጋቢው ከመኪናው ኋላ፣ ከባትሪ ማስነሻ ጃምፐር ኬብሉና ከበረዶ መጥረጊያው ጋር ተጣጥፎ ይኖራል። «የተጣላ ሰውና የሞተ ባትሪ ቀጠሮ አይዙም» ይላል።

ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ የሚኖረው ብቻውን ነው። ብቻውን የቀረ ሰው ከሁለት አንዱን ይሆናል፤ ወይ ከሰው ይሸሻል፣ ወይ የሰው ቤት ሁሉ ቤቱ ይሆናል። ጋሽ ጎሹ ሁለተኛውን ሆነ። በተለይ ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲፈለግ፣ ሳይጠሩት ጫማውን የሚወለውል ሰው ነው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ ጁን ላይ በመጋዘኑ መግቢያ ባለ ቀስተ ደመና ባንዲራ ተሰቀለ። ሠራተኛው በሚያርፍበት ብሬክ ሩም ውስጥ ኬክ ተቆረሰ። ለሠራተኛው ሁሉ ባጅ የሚንጠለጠልበት ባለ ብዙ ቀለም ክር ታደለ። ጋሽ ጎሹ ክሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ ኬኩን እየበላ፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሔራንን ጠየቃት። ሔራን በዚያው ሺፍት ዕቃ ስካን የምታደርግ የጓደኛው ልጅ ናት።

«የምን በዓል ነው?»

«የኔ።»

«ልደትሽ ነው? ታዲያ ይሄን ሁሉ ባንዲራ!»

ሔራን ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች።

«ሴት ነው የምወደው፣ ጋሼ። ከእማዬ ጋር የተጣላነውም በዚሁ ነው። አሁን ኬክህን ይዘህ መነሳት ትችላለህ።»

ጋሽ ጎሹ አልተነሳም። ኬኩንም ቶሎ አልዋጠውም። የሔራንን እናት እትዬ መብራትን በደንብ ያውቃታል፤ ሚስቱ ታማ በተኛች ጊዜ ሾርባ ስታመላልስ የከረመች ሴት ናት። ልጅቷ ከእናቷ ቤት መውጣቷን ሰምቶ ነበር። ምክንያቱን ግን ሁሉም እያወቀ፣ ለአስታራቂው የነገረው አልነበረም።

«መኪናሽ ውስጥ ብቻሽን ስትበዪ አይቼሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ከነገ ጀምሮ ምሳሽን ይዘሽ እዚህ ነይ። እኔ ብቻዬን መብላት አልወድም።»

ጁላይ ሲገባ ባንዲራው ወረደ። አለቃው መጥቶ፣ የወሩ በዓል ስላለቀ የድሮውን ሰማያዊ ክር ማድረግ እንደሚችል በትሕትና ነገረው።

«ወሩ አለቀ» አለ ጋሽ ጎሹ በራሱ እንግሊዝኛ። «ሔራን ግን ነገም ሺፍት አላት።»

አለቃው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ፤ ክሩም አንገቱ ላይ ቀረ።

ነገሩ ገብቶት አልነበረም። ያደገበት ትምህርትና አጠገቡ ምሳ የምትበላው ልጅ ልቡ ውስጥ ተጣልተው ከረሙ። ስንቱን ያስታረቀ ሰው እነዚህን ሁለቱን ማስታረቅ አቃተው። እስኪታረቁ ድረስ ግን ልጅቷን ከወንበሯ ማስነሳት ግፍ መሰለው። በመስከረም ለእንቁጣጣሽ ግብዣ ይዟት ሲሄድ፣ ከሔራን ጋር የምትኖረው ኬሲም አብራ መጣች። ኬሲ የእንስሳት ክሊኒክ የምትሠራ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች አሜሪካዊት ናት። ሁለቱ ሲቀመጡ አንድ ጥግ ያሉ ሰዎች ሳህናቸውን ይዘው ተነሡ። ጋሽ ጎሹ በተለቀቀው ቦታ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠና፣ «ተመስገን፣ ሰፋልን» አለ። በረዶው ወርዶ የሔራን መኪና አልነሳ ሲል ኬብሉን ይዞ የሚደርስላትም እሱ ነበር።

ጃንዋሪ ላይ፣ ምሳ እየበሉ፣ ሔራን በረዶው ሲቀልጥ ከኬሲ ጋር ፍርድ ቤት ሄደው ጋብቻ ሊፈራረሙ መሆኑን ነገረችው።

«ማን ጠየቀልሽ?» አለ ጋሽ ጎሹ።

«ራሴ ጠየቅኋት።»

«እሷን ጠየቅሽ። ቤተሰቧንስ ማን ጠየቀ?»

«ጋሼ፣ እነሱ እኮ ፈረንጆች ናቸው።»

«ፈረንጅ ልጅ አይወልድም?»

ሔራን በሳቅ ተንፈራፈረች። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኗ እርጥብ ነበር። «ማንን ልላክ ብለህ ነው? እኔ እኮ ሰው የለኝም። ዝም ብለን እንፈርማለን፣ በቃ።»

ይህች አንዲት ቃል ጋሽ ጎሹን አላስቀምጥ አለችው። ሰው የለኝም። ማታውኑ ሞርስ ሮድ ላይ ግሮሰሪ ወዳለው ወደ ከሊፋ ሄደ። ከሊፋ የወሎ ሰው ነው፤ ብዙ እርቅ ላይ አብረው ተቀምጠዋል። ጋሽ ጎሹ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገረው።

ከሊፋ የቴምር ካርቶን መደርደሩን ቀጠለ። «ጎሹ፣ በሃይማኖቴ ልክ ነው አልልህም።»

«እኔም ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም።»

«ልጅቷ ግን እውነት ሰው የላትም?»

«የላትም።»

«እንግዲህ ሰው እንሁናት። ግን ሁለት ሽማግሌ አይሆንም፤ ሦስተኛ ማን ይመጣል?»

ማንም እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ የከሊፋ ሚስት ዘኪያ ቀና አለች። «እኔ እሄዳለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሴት ሽማግሌ የት አገር አይተሻል?» አለ ከሊፋ።

«አንተስ ሴት ለሴት ስትጠየቅ የት አገር አይተሃል?»

ከሊፋ ካርቶኑን አስቀመጠ።

ፌብሩዋሪ ውስጥ በአንድ እሁድ፣ ሦስቱ በጋሽ ጎሹ መኪና የኬሲ ወላጆች ወደሚኖሩበት ወደ ሉዊስ ሴንተር ወጡ። ቤቶቹ አዲስ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሁለቴ የሰው በር አንኳኩ። በሦስተኛው የኬሲ እናት ዳያን ከፈተች። ኬሲ እንግዶች እንደሚመጡ ለወላጆቿ ነግራለች፤ ለምን እንደሚመጡ ግን ሔራን ለኬሲም በደንብ አላስረዳቻትም።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ!» አለች ዳያን።

ገቡ። አልተቀመጡም። በወፍራም ጃኬት ላይ ጋቢ ደርበው፣ ማስክ አድርገው፣ ሳሎኑ መሐል ተደርድረው ቆሙ። አባትየው ዌይን የሚያየውን ኳስ አጥፍቶ ተነሣ፤ ሰው የሞተ መስሎት ነበር።

ጋሽ ጎሹ ጉሮሮውን ጠረገ። «የመጣነው ለትልቅ ጉዳይ ነው፤ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም። ልጃችሁን ኬሲን፣ ለልጃችን ለሔራን እንድትሰጡን ልንለምን ነው።»

ዳያን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ «አዎ! አዎ! በደስታ!» ብላ ጋሽ ጎሹን ከነጋቢው ጭምቅ አድርጋ አቀፈችው።

ሦስቱ ደነገጡ። በአማርኛ መንሾካሾክ ጀመሩ።

«ሰጡን እኮ!» አለ ከሊፋ።

«እንዴት ወዲያው ይሰጣሉ?» አለ ጋሽ ጎሹ።

«ቤተሰብ እንዲህ ሲጣደፍ፣ ልጅቷን ምን አግኝቷት ነው ይባላል» አለች ዘኪያ። «ነውር ነው። ንገራቸው።»

ጋሽ ጎሹ ከዳያን እቅፍ ቀስ ብሎ ወጣ። «እባካችሁ፣ እንቢ በሉን።»

«ምን?» አለች ዳያን።

«በመጀመሪያ ቀን ልጅ አይሰጥም። የምትወዷት ልጅ መሆኗ በምን ይታወቃል? ከዘመድ ጋር እንመካከር በሉና ቀጠሮ ስጡን። ስንመጣም ስለ ልጃችን ጠይቁን፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠይቁ።»

ዌይን የትምህርት ቤት የኳስ አሠልጣኝ ነው፤ ሕግ ያለው ጨዋታ ሲያይ ይገባዋል። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ፊቱን አኮሳተረ። «እንቢ። በዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልን!» አሉ ሽማግሌዎቹ፣ እጅ ነሥተው ወጡ።

ደረጃው ላይ ተቀምጣ የምታዳምጠው ኬሲ ግን የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነበር። ሦስቱ መኪናው ጋ ሳይደርሱ የጋሽ ጎሹ ስልክ ጮኸ። ሔራን ነበረች፤ እያለቀሰች።

«ጋሼ፣ አባቷ እንቢ አለ ብላ ቴክስት አደረገችልኝ!»

«አዎ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» አለ ጋሽ ጎሹ። «እንዴት ያለ ጨዋ ቤተሰብ ነው መሰለሽ። ከለከሉን።»

ሁለት ሳምንት አለፈና ተመልሰው ሄዱ። ዌይን ጥያቄ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ትጠጣለች? አትጠጣም። ሥራ ትወዳለች? ትወዳለች። «የኳስ ባላንጣችንን ሚሺጋንን ትደግፋለች?» ሲል ከሊፋ እጁን አንሥቶ፣ «ወላሂ፣ ከዚያስ ንጹሕ ናት» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ዳያን ግን አልሳቀችም። «ጠበቅ አድርጋችሁ ጠይቁ ብላችሁኛል። የሔራን እናት የት ናት? ልጄ ወደዚያ ቤት ስትሄድ በር የሚከፍትላት አለ?»

ከሊፋ ጋሽ ጎሹን አየ። ጋሽ ጎሹ መሬት አየ። ሺህ ጊዜ አጋንኖ ያውቃል፤ ለዚህ ግን ምላሱ አልታዘዘችለትም።

«እናቷ አታነጋግራትም» አለ።

ዳያን ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያስ ሌላ ቀጠሮ ልስጣችሁ። እናቷን ጠይቃችሁ ኑ።»

ይህኛው እንቢታ የምር ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሦስቱ በእትዬ መብራት አፓርትመንት ሳሎን ቆሙ።

«ተቀመጡ» አለች።

«አንቀመጥም።»

ፊቷ ተለወጠ። «ስለዚያች ልጅ ከሆነ እርቅ አልሰማም፣ ጋሽ ጎሹ። ቀድሜ ልንገርህ።»

«ለእርቅ አልመጣንም። ልጅሽን ልንድር ነው። የዚያኛዋ ወላጆች አንድ ጥያቄ ጠይቀውን መልሱ አንቺ ጋ ሆነ።»

እትዬ መብራት ወንበሩን ይዛ ቆመች። «ልትድሩ? ማንን?»

«ሔራንን።»

«የኔን ልጅ? ሽማግሌ ሆናችሁ ሄዳችሁ?»

«ሁለቴ።»

«ማን ላካችሁ?» ድምፅዋ ጨመረ። «እኔ ሞቻለሁ? ሽማግሌ የሚልከው ወላጅ አይደለም እንዴ? ጋሽ ጎሹ፣ አንተ ወግ አዋቂው! እናት በቁሟ እያለች፣ በማን ስም ነው ሰው ቤት የቆማችሁ?»

እውነቷን ነበር። ጋሽ ጎሹ በዕድሜው ሁሉ ሳይላክ ደጅ ጠንቶ አያውቅም፤ ለሔራን ሰው ለመሆን ሲጣደፍ ከሁሉ የቀደመውን ነገር ዘለለው። «አጥፍቻለሁ» አለ።

«በጣም እንጂ! አንድ ልጅ ነው ያለችኝ! እኔን ሳትጠይቁ...» ንግግሯ መሐል ላይ ቆመ። የራሷን ቃል የሰማች መሰለች።

ዘኪያ አንድ እርምጃ ቀረበች። «መብራትዬ፣ እንግዲያ ላኪና።»

ከላይኛው ፎቅ የልጆች ሩጫ ይሰማል። እትዬ መብራት ወደ መስኮቱ ዞራ መጋረጃዋን አስተካከለች።

«ለመሆኑ ምን ጠየቁ?» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ልጃቸው ስትመጣ በር የሚከፍትላት አለ ወይ ብለው።»

«መጀመሪያስ ምን አሉ?»

«መጀመሪያማ ወዲያው ሰጡን» አለ ከሊፋ። «እንቢ በሉ ብለን ለምነን ነው የከለከሉን።»

«እንቢ በሉ ብላችሁ ለመናችሁ?»

«ምን እናድርግ እትዬ መብራት፣ ወጉን አያውቁ!»

ሳቋ አመለጣት። በእጇ ልትይዘው ሞከረች፤ ግን እንባዋም ተከትሎ ስለመጣ ሁለቱንም መያዝ አልቻለችም።

«ገብቶኛል አልልም» አለች ፊቷን እየጠረገች። «እንዳትሏቸው።»

«አንልም» አለ ጋሽ ጎሹ። «እኛም ሁሉ ነገር ገብቶን አይደለም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ሂዱ።»

«ሂዱ ማለት?»

«ሂዱ ነዋ! ልኬያችኋለሁ!»

በሦስተኛው ቀጠሮ ጋሽ ጎሹ ጋቢውን አስተካክሎ ቃሉን ተናገረ። «እናቷ ልካናለች» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ዳያንም ሌላ አልጠየቀችም። ዌይን «ሰጥተናል» ሲል ዘኪያ እልል አለች፤ ኬሲም ከደረጃው እየሮጠች ወርዳ እየተሳሳተች አብራት እልል አለች።

የመጋዘኑ ሠራተኞች ሔራን በዚያ ሳምንት ስልክ ስትቀበል ያዩትን እስካሁን ያወራሉ። ቁጥሩን አይታ ስካነሩን ከእጇ ጣለች።

«አቤት፣ እማዬ።»

«በርበሬ ትችላለች?» አለ የእናቷ ድምፅ፣ ያለ ሰላምታ።

«ማን?»

«ያቺ ልጅ ነቻ! እሁድ ይዘሻት ትመጫለሽ። ትችላለች አትችልም?»

ሔራን ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ጎሹ ፎርክሊፍቱን አቁሞ ከሩቅ ያያታል።

«አታልቅሺብኝ፣ ምጣድ ጥጄ ነው የደወልኩት። ትችላለች?»

«አትችልም፣ እማዬ። ላብ ያጠምቃታል።»

«ጉድ ነው» አለች እትዬ መብራት። «በይ አልጫ እሠራለሁ። ቀስ በቀስ ትለምዳለች።»