የኋላው ዴስክ

ርዕሰ መምህሩ ሲያሞግሳት «ምሰሶዋ» ይላታል። እሷም ስንት ዓመት ደስ ብሏት ኖራለች። የዝውውር ማመልከቻዋን ይዛ ቢሮው የገባች ዕለት ግን፣ «ምሰሶ ይነቀላል እንዴ? ጣራው በማን ላይ ይውደቅ?» ብሎ ሳቀና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ያ መሳቢያ እስካሁን ሦስት ማመልከቻ ውጦ ዝም ብሏል። እጇ አመድ አፋሽ ነው፤ ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ገና ድሮ ሸኝተዋት ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሁለተኛ ክፍልን አስተምራለች፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰሌዳ። ባሏ የሚሠራው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። የስምንት ዓመት ልጃቸውም ከአባቷና ከአክስቷ ጋር እዚያው ትኖራለች። እናቲቱ የምታያት በዓመት ሁለቴ፣ ትምህርት ሲዘጋ ነው።

እሑድ ልጅቷ ደወለች። «እማ፣ መቀነስ ጀመርን። አይገባኝም። አክስቴን ስጠይቃት ትቆጣለች።»

ለሃምሳ ስምንት የሰው ልጆች መቀነስ የምታስተምር ሴት ለገዛ ልጇ በስልክ ምን ትበል?

«ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቁጭ ብለን አሳይሻለሁ» አለቻት።

«ለሁልጊዜ?»

«ለሁልጊዜ።»

ይህን ያስባላት ያለ ነገር አይደለም። በመጨረሻ አንድ ጎረምሳ መምህር ተመድቦ መጥቶ ነበር። ርዕሰ መምህሩም ማምለጫ ሲያጣ ቃል ገባ፦ አዲሱ መምህር ሳምንቱን ያስተምር፣ እሷ ከኋላው ዴስክ ተቀምጣ ትመልከት፣ ዓርብ እሱ ራሱ ልጆቹን ይጠይቃል፤ ከመለሱ መልቀቂያዋን ይፈርማል።

ሰኞ የአዲሱ መምህር ጠመኔ ሦስት ጊዜ ተሰበረ። ድምፁ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። «ከአሥራ ሁለት ላይ ሰባት ሲቀነስ?» ብሎ ጠየቀ። እጁን ያወጣ አልነበረም። ከዚያ አንዷ ዞር አለች፤ አንዱ ዞር አለ፤ ወዲያው «አምስት» የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ላይ ጎረምሳው ደረቱን ነፍቶ፣ «ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ እትዬ። እርስዎ ብቻ ነዎት የፈሩት» አላት።

እሷም አየች፣ ከመመለሳቸው በፊት ወደ ኋላ ይዞራሉ። ወደውኝ ነው፣ አሁን ደግሞ ሊናፍቁኝ ነው፣ ብላ ሆዷ ባባ። ሐሙስ ዕለት የአውቶቡስ ቲኬቷን ቆረጠች፤ ፍራሿን ለጎረቤት ሰጠች። ለመሄድ የቸኮለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ሊያይ ይችላል? ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

ዓርብ ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ይዞ ገባና፣ «ምሰሶዋ፣ አንቺ ውጪ ጠብቂ። የሚፈተነው እሱ ነው» አላት። ወጥታ በክፍሉ ጀርባ ካለው መስኮት ሥር ቆመች።

«ከአሥራ አራት ላይ ዘጠኝ?»

ሃምሳ ስምንት ጭንቅላት ወደ ኋላው ዴስክ ዞረ። ዴስኩ ባዶ ነው። ማንም አልመለሰም። አዲሱ መምህር ላቡን ጠረገ።

«ከአሥራ ሦስት ላይ ዘጠኝስ?» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ ዓይኗን ስታንከራትት መምህርቷን መስኮቱ ላይ አገኘቻት። ፊቷን አየችና፣ «አራት» አለች። ሌሎቹም ተከትለው «አራት» አሉ።

መምህርቷ ልጅቷ ያየችውን ለማወቅ እጇን ወደ ጉንጯ ሰደደች። እጇ ቀድሞም እዚያው ነበር። አራት ጣቶቿ ጉንጯ ላይ ቆመዋል፤ አውራ ጣቷ ታጥፏል። መቼ እንዳስቀመጠቻቸው አታውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስትጠይቃቸው አብራ በጣቷ ስትቆጥር ኖራለች፤ ልጆቹም ሰሌዳውን ትተው ጉንጯን ሲያነቡ። አፈረች።

«ከአሥራ አንድ ላይ ስምንት?»

አሁን ሁሉም መስኮቱን አዩ። ሦስት ጣት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሦስት ጣት፣ ከዚያ ፊርማ፣ ከዚያ የነገው አውቶቡስ። የገዛ ልጇ እንኳ አይገባኝም ብላ ደውላለች፤ እነዚህ እንዳልገባቸው እንኳ ያወቀላቸው የለም። እንዲህ ትታቸው ብትሄድ ከዚህ ጎረምሳ ጋር ዓመቱን ሙሉ ባዶ ዴስክ ሲያዩ ይውላሉ።

እጇን የጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ከውስጥም ጨበጠችው።

ከክፍሉ ድምፅ አልወጣም። ርዕሰ መምህሩ ወጥቶ፣ «አየሽ፣ አልኩሽ እኮ። አንቺ ከሌለሽ አይሆንም» አላት። ደስ ብሎት ነበር። ማመልከቻው ወደ መሳቢያው ተመለሰ።

ቅዳሜ፣ አውቶቡሱ በሚነሳበት ሰዓት፣ ፍራሽ በሌለው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ደወለች።

«አሥራ ሁለት ጠጠር ልቀሚ። ሰባቱን ወደዚያ አድርጊ። ስንት ቀረ?»

አምስት ጣቶቿ ጉንጯ ላይ ቆመው ነበር፤ የሚያያቸው ግን የለም። ከወዲያ ጠጠር ሲንኳኳ ይሰማታል፣ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ።

«አምስት» አለች ልጅቷ። «እማ፣ ገባኝ።»

«ጎበዝ።»

ልጅቷ ጠጠሮቹን ስትሰበስብ ተሰማት። «አሁን ከገባኝ፣ አትመጪም ማለት ነው?»